ቀን ያልተጻፈባት እንቁላል

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያቀዘቅዝ የኖረ ሰው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፍሪጅ ጠግኗል፤ የሰፈሩ ሰው በስሙ ጠርቶት አያውቅም፣ ትልቁም ትንሹም “ጋሽ በረዶ” ነበር የሚለው። ከአጥራችን ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ሱቅ ነበረችው። ከበሯ ግራና ቀኝ የሞቱ ፍሪጆች ተኮልኩለው ይቆማሉ፤ ባለቤቶቻቸው “ነገ እንወስደዋለን” ብለው በዚያው ቀርተዋል። አባቴ አንዱንም አይጥልም። መቆለፊያቸውን ግን ገና እንደመጡ ይነቅለዋል፤ ልጅ ሲጫወት ገብቶ ይዘጋበታል የሚል ፍርሃት ነበረበት። ያ ልጅ እኔ መሆኔ ነው፤ ከእኔ ሌላ አልነበራቸውም።

ሲጠግን አፉ አያርፍም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ አባቴ ከፍሪጁ ጀርባ ተጎንብሶ ይሰብካል። ስብከቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፍሪጅን በር መክፈት እንጂ እርጅና አይገድለውም። “ሥራ የፈታ ሰው ሁለት ነገር ይከፍታል፤ አፉንና ፍሪጁን” ይላል። ቤት ውስጥማ የባሰ ነው። ውሃ ልጠጣ ብዬ ከከፈትኩ ከሌላ ክፍል ሆኖ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ሳይደርስ መዝጋት ነው። እስከዛሬ ሰው ቤት ሄጄ ፍሪጅ ተከፍቶ ሲቆይ ሳይ ያቅበጠብጠኛል፤ አፌን ይዤ ነው የምቀመጠው።

እናቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። በዓለም ላይ የምታምነው ነገር ቢኖር ቀን ነው። “ቀን የሌለው ነገር ባለቤት የለውም” ትላለች፤ ይህንኑ አመሏን ይዛ ቤት ገባች። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፋል፣ አምፖል ላይ የገባበት ቀን ይጻፋል፣ የጨው ዕቃ እንኳ አይቀርለትም። አንድ ጊዜ የአባቴን አዲስ ጫማ ገልብጣ ውስጡ ላይ ስትጽፍ ደረሰባትና፣ እኔ ላይስ የገባሁበትን ቀን አልጻፍሽብኝም ወይ ብሎ ጠየቃት። ቀና እንኳ ሳትል፣ ያንተማ ጊዜው አልፎበታል አለችው። ሁለት ቀን ሙሉ እያስታወሰ ብቻውን ሲስቅ ነበር።

ከማእድ ቤቱ ጀርባ አራት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ ነበሯት። መሬቱን እየተጸየፈች የምትራመደዋን “ወይዘሮዋ” ትላታለች። አንዲት እንቁላል ጥላ ሰፈር የምታስነሳዋ “ወሬኛዋ” ናት። ሦስተኛዋ ቡሬዋ፣ አራተኛዋ ኮሳሳዋ። አውራው ዶሮ “ዘበኛው” ይባል ነበር፤ ከሌባ ይልቅ እኔን ነበር የሚጠብቀው፤ ከሥራ ስመለስ እግሬን ሳይጠቀጥቅ አያሳልፈኝም። የማእድ ቤቱ በር ላይ ካለ ምስማር በክር የተንጠለጠለች እርሳስ ነበረች። እንቁላል ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት ከዚያች እርሳስ ጋር ይገናኛል፤ “ማክሰኞ፣ ወሬኛዋ”፣ “ዓርብ፣ ቡሬዋ” ተብሎ ይጻፍበታል። የየትኛዋ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። አንቺ በር ስታንኳኪ አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ ብላ መለሰችልኝ። አሁን ሳስበው መልስ አልነበረም፤ ያኔ ግን አጥግቦኝ ነበር።

ያ ዓመት ሃያ ስድስት የሞላሁበት ነው። ፀጉር ቤት እሠራለሁ፣ የምኖረው እነሱ ጋ ነው። ወይዘሮዋ መታቀፍ አምሯት ከጎጆዋ ቶሎ አልነሳ ማለት ጀምራ ነበርና እናቴ እንቁላል ታጠራቅምላት ጀመር፤ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ ጨርቅ አልብሳ። ቅዳሜ ጠዋት ራሴን አዞረኝ ብላ ጋደም አለች። እኩለ ቀን ሳይሆን እናት አልነበረኝም።

ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ጢም አለ። ማእድ ቤቱን የያዙት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነበሩ፤ እናቴን ከሃያ ዓመት በላይ የሚያውቋት፣ እኔም እትዬ የምላቸው ሴት። እንግዳው ሲበዛባቸው መጥተው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

“ልጄ፣ ዶሮዎቹንስ ምን እናድርጋቸው?” አሉኝ።

የእናቴን የቤት ጫማ ይዤ የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ቆሜ ነበር። ቀና ሳልል “እንደፈለጋችሁ” አልኳቸው። አንዲት ቃል ናት። በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ዶሮ የሚባል ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደና እኔና አባቴ ብቻ ቀረን። ጠዋት ተነስቶ እፍኝ እህል ዘገነና ወደ ጓሮ ሄደ። ዶሮ መመገብ የእናቴ ሥራ ነበር፤ እሱ አንድም ቀን አድርጎት አያውቅም። በመስኮት አየሁት። የዶሮዎቹ ቤት በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ላባ ብቻ ነው። ትንሽ ቆመና እህሉን እንደጨበጠ ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ጨመረው። ማን አሳረዳቸው ብሎ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አልጠየቀም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ቅርጫቱን ያገኘው ያን ዕለት ነው። ጨው ፍለጋ ጎንበስ ሲል ጨርቁን አየ፤ ገለጠው። አሥራ አምስት እንቁላል። ወለሉ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ እያነሳ ማንበብ ጀመረ፤ እሑድ፣ ቡሬዋ። ሰኞ፣ ወሬኛዋ። ሰኞ፣ ኮሳሳዋ። አሥራ አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ አገላበጣት፣ ወደ ብርሃን አቀረባት፣ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አያት። ምንም አልተጻፈባትም። ኋላ ልብስ ሰፊዋን ስንጠይቅ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጎጆው ያገኟት እሳቸው ናቸው፤ አንስተው ከሌሎቹ ጋር አስቀምጠዋት ነው። የየትኛዋ ዶሮ እንደሆነች ሊነግረን የሚችል ሰው ግን ከእንግዲህ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ወደ እንቁላል ነጋዴው ሄዶ ጠየቀ፤ ሰውዬው ድሮ ዶሮ እርባታ ቤት የሠራ ነው፤ ሁለት ሳምንት ካለፋቸው ለመጥበሻ እንጂ ለጫጩት አይሆኑም አለው። የታቀፈች ዶሮ ፍለጋ ሰፈሩን አካለለ። የሁሉም ሰው ዶሮ እየጣለች ነው፣ አንዷም አልታቀፈችም። ማታ ቤት ሲገባ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሲመለከተው ቆየ። ከእናቴ ዶሮዎች የቀረው ዘር ይኸው ነው፤ እሱም ቀን እየተቆጠረበት ነው።

“ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳቀዘቅዝ ኖሬ” አለ በመጨረሻ፣ “አንድ ጊዜ ማሞቅ ያቅተኛል?”

በማግሥቱ ከሱቁ በር ከተኮለኮሉት መካከል አንዷን ትንሽ ነጭ ፍሪጅ መረጠ። ባለቤቷ ከሰፈሩ ከለቀቀ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሞተሯን አውጥቶ ጣለ፣ ውስጧ ሁለት አምፖል አሰረ፣ በሩን ቀዶ የፎቶ ፍሬም መስታወት ገጠመበት። የሚያናፍስ ነገር ያስፈልገዋል ብሎ የኔን የፀጉር ማድረቂያ ፈታታው፤ ለሥራዬ የምጠቀምበትን፤ ያን ሰሞን ደንበኞቼ ፀጉራቸውን በፀሐይ ነው ያደረቁት። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ተርሞስታት ከአንድ አሮጌ ማቀዝቀዣ ክፍል ነቅሎ ያስቀመጠው ነበረው። መድኃኒት ቤት ሄዶ የሕፃን መታጠቢያ ውሃ የሚለካበት ቴርሞሜትር ጠየቀ። ሻጯ እንኳን ማርያም ማረቻት ብላ ስንት ወሩ ነው ብትለው፣ ገና አልተወለዱም አላት። ስንት ናቸው ስትለው አሥራ አምስት አለ፤ መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ወሬው ደግሞ በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰው። በሱቁ ያለፈ ሁሉ አንገቱን ብቅ አድርጎ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሽ በረዶ” ይለዋል። ሁሉም ተረቱን ያን ዕለት ራሱ የፈጠረው ይመስል ይስቃል። አባቴ በስድስተኛው ሰው ላይ፣ የኔ በእግሩ እስኪሄድ አንተ በእግርህ ሂድልኝ ብሎ አባረረው።

ዓርብ ጠዋት ተዘጋጀ። አምፖሎቹ ቦታ ስለያዙ መደርደሪያው የሚችለው ስምንት እንቁላል ብቻ ነበር። ቀን የገፋባቸው ይቅደሙ ብሎ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ያሉትን ስምንቱን መረጠ፤ የቀሩት ሰባቱ ሁለተኛ መደርደሪያ እስኪሠራ ቅርጫቱ ውስጥ ቀሩ። ብርድ ቤት አላስገባቸውም ብሎ ፍሪጁን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ጠርሙሶች አሞቀው። ቴርሞሜትሩ የሚፈለገውን ትንሽ አለፍ ሲል ጠርሙሶቹን አወጣ፣ እንቁላሎቹን አስገባ፣ ሶኬቱን ሰካ። አምፖሎቹ ቦግ አሉ። በመስታወቱ ሲያይ ፊቱ ላይ ያ ብርሃን አረፈበት፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። ልሞክረው፣ አንድ ሰዓት ልቆይና ልየው የሚል ነገር አልመጣለትም። ተርሞስታት ደግሞ ለጋሽ በረዶ!

ያን ቀን የእናቴን መሳቢያ ባዶ እንድናደርግ ከመሥሪያ ቤቷ ተጠርተን ነበርና ተያይዘን ሄድን። የጠረጴዛ መሳቢያ ምን ይኖረዋል? መነጽር፣ የእጅ ቅባት፣ የተገዛችበት ቀን የተጻፈባት አንዲት ላጲስ። የሥራ ባልደረቦቿ ከበውን አለቀሱ። ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የሱቁን በር ገና ሲከፍተው ሽታው ተቀበለን። የተቀቀለ እንቁላል ሽታ የማያውቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጅ ሲሞቀው ይነሳል፣ ሲበርደው ያርፋል። ማስፈልፈያ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲበርደው ተነስቶ ሲሞቀው ማረፍ አለበት። ያ ተርሞስታት ሽቦ የሚታሰርበት ሦስት እግር አለው፤ አንዱ የጋራ ነው፣ አንዱ ለማቀዝቀዣ፣ አንዱ ለማሞቂያ። የአባቴ እጅ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሚያውቀውን እግር ይዞ አጠበቀ። ሳጥኑ ስለሞቀ አምፖሉ በራ፣ አምፖሉ ስለበራ ሳጥኑ ይብስ ሞቀ። በዓለም ላይ ይህን ስህተት የሚሠራ ሰው ቢኖር የተዋጣለት ፍሪጅ ጠጋኝ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መመሪያ ይጠይቅ ነበር።

ሶኬቱን ነቀለና አሮጌ ሞተር ላይ ተቀመጠ። አንዷን አውጥቶ በመዳፉ ያዛት፤ “እሑድ፣ ቡሬዋ” ይላል። በአውራ ጣቱ ሲጫናት ልጣጩ ተሰነጠቀ፣ ነጩ ጠንክሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት በልጅነቴ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ያን ቀን ግን ማንኛችንም አላነሳነውም።

“እኔ ነኝ የቀቀልኳቸው” አለ። “በገዛ እጄ።”

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

“አባዬ፣ ዶሮዎቹን ያሳረድኳቸው እኔ ነኝ። እትዬ መጥተው ጠየቁኝ። እንደፈለጋችሁ አልኳቸው።”

እንቁላሏን እያገላበጠ የእናቴን ጽሑፍ በጣቱ ይዳብሳል፤ ሊቆጣ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

“እኔም በልቻለሁ” አለ። “ሳህን ሰጡኝ፣ በላሁ። ምን እንደሆነ እንኳ አላየሁም።”

ሁለታችንም አለቀስን፤ ለዶሮ ነው ወይ የምታለቅሱት ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ ደግ ሆነ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር። እስከዚያ ድረስ እሱም በየፍሪጁ ጀርባ፣ እኔም በየመጋረጃው ጀርባ ነበርን። ሲበቃው አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገና እጁን ዘረጋ።

“ሰባት ቀርተዋል፣ እሜቴ። ያቺን ካቻቢቴ አቀብዪኝ።”

ሽቦውን ከአንዱ እግር ፈትቶ ወደ ሌላው አዞረው። ከዚያ ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ባዶውን ሳጥን ፈተነው። በእጁ ላይ ያለው እምነት ስለጠፋ በዓይኑም አልተማመነም፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፣ እኔ ቴርሞሜትሩን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሠላሳ ሰባት ተኩል። አሁንስ? ሠላሳ ሰባት ተኩል። አሁንስ? አባዬ፣ ከጠየቅከኝ ገና ደቂቃ አልሆነም። እሑድ ጠዋት ሰባቱን ለማስገባት ተዘጋጀን፤ ሁለት ረቡዕ፣ ሁለት ሐሙስ፣ ሁለት ዓርብ፣ አንዲት ስም የለሽ።

እንቁላል ነጋዴው እንደነገረው እንቁላል በቀን ሦስት ጊዜ መገልበጥ አለበት፤ ዶሮዋም ይህንኑ በመንቁሯ ታደርጋለች። የትኛው እንደተገለበጠ እንዲታወቅ በአንድ ጎኑ ምልክት ይደረጋል። ለስድስቱ ምልክት አላስፈለገም፤ የእናቴ ጽሑፍ ነበረባቸው። ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ጽሑፉ ወደ ታች። ሰባተኛዋ ግን ሁለቱም ጎኗ አንድ ነው። አባቴ ሄዶ ከማእድ ቤቱ ምስማር ላይ እርሳሷን አወረደ። ቁጭ ብሎ እንቁላሏን በአንድ እጁ፣ እርሳሷን በሌላው ይዞ ብዙ ቆየ። እጁ ለቀጭን ነገር አልተፈጠረም። ጠማማ በሆነ ፊደል “ቅዳሜ” ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የዶሮዋን ስም የሚጽፍበትን ቦታ ክፍት ተወው።

ሃያ አንድ ቀን ረጅም ነው። ከሥራ ስመለስ አባቴን የማገኘው ፍሪጁ ፊት ወንበር አስቀምጦ ነው። ጽሑፉ ወደ ላይ ሲሆን ያነባቸዋል፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ረቡዕ ዕለት ምን እንደሠራችና ምን እንደተናገረች ያስታውሳል። ረቡዕ የኔን ቀሚስ ጫፉን አጥፋ ሰፍታልኝ ነበር። ሐሙስ ከወሬኛዋ ጋር ተጣልታ፣ አንቺን ብሎ እንቁላል ጣይ ስትል እኔም ሰምቻታለሁ። ዓርብ ማታ ሁለቱ ሬዲዮ ሲያዳምጡ እሱን እንቅልፍ ወሰደው፤ ምን እንዳዳመጡ ማስታወስ አቃተው፤ ይህ ያናድደው ነበር። በሰባተኛው ቀን የዕቃ ክፍሉን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነን እያንዳንዳቸውን የባትሪ መብራት ላይ አስቀምጠን አየናቸው። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ አንዷ ረቡዕ፣ አንዷ ዓርብ። አምስቱ ውስጥ ግን ቀጫጭን ደም ሥሮች ነበሩ፣ መካከላቸው ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ። “ቅዳሜ” ውስጥም ነበረች። አባቴ የባትሪውን መብራት አጥፍቶ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ እኔም አልጠራሁትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን መብራት ሄደ። ቀኑን ሦስት ሰዓት ያህል ጠፋ፣ እኔም ነፍሴን ይዤ ከሥራ ስሮጥ መጣሁ። አባቴ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ቴርሞሜትሩ አንድ ዲግሪ ብቻ ነው የወረደው። ብርድ የማታስወጣ ሙቀትስ ለምን ታስወጣለች፣ በሩን ካልከፈቱባት ፍሪጅ ታማኝ ናት ብሎ ሰበከኝ። ስብከቱ እንደናፈቀኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀኖች ሕግ አላቸው። መገልበጥ ይቆማል፣ በሩም ለምንም ነገር አይከፈትም፤ እርጥበቱ ከወጣ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ጫጩቱ ላይ ይደርቅበታል። ሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ከሳጥኑ ውስጥ ጥፍር መስታወት ሲነካ የመሰለ ድምፅ ሰማን። “ረቡዕ” የተጻፈባት ቀትር ላይ ወጣች፤ እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ አንገቷን መሸከም የማትችል። የ“ዓርብ”ዋ ከሰዓት በኋላ ተከተለች። ሐሙሶች ድምፅ አላሰሙም፣ በኋላም አላሰሙም። “ቅዳሜ” ግን ከ“ቅ”ዋ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ በስታ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኻ ዝም አለች።

በማግሥቱ ጠዋትም ቀዳዳዋ ያችው ናት። አባቴ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆሟል። እጁ እጀታው ላይ ሄዶ ሲያርፍ አየሁትና ደርሼ እጄን ከላይ ጫንኩበት።

“ልክፈትና ልርዳት” አለ። “ልጅ ውስጥ ተዘግቶበታል፣ እሜቴ። ትታፈናለች።”

“ከከፈትካት ነው የምትታፈነው። አንተ ራስህ ነህ የነገርከኝ።”

“እናትሽ ጋደም ስትል አጠገቧ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። አሁንም እጄን አጣምሬ ልቁም?”

ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም። እሱ ሲቆጥርብኝ ያደግኩበት ቁጥር ብቻ ነው ወደ አፌ የመጣው። “አንድ” አልኩ ቀስ ብዬ፣ “ሁለት፣ ሦስት።” አራት ሳልደርስ እጀታውን ለቀቀ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ሥር አስገባቸው፤ ስላላመናቸው እንደ ሌቦች አሰራቸው። እንደዚያው ሆኖ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። እኔም ፀጉር ቤቱን ትቼ አጠገቡ ቀረሁ።

ከዚያ “ቅዳሜ” ተሰነጠቀች። ስንጥቁ ዙሪያዋን ዞሮ ፊደሉን ለሁለት ከፈለው፤ “ቅዳ” በአንዱ ቅርፊት፣ “ሜ” በሌላው ቀረ። ጫጩቷ ተገፍታ ወጥታ ቀድመዋት በወጡት በሁለቱ ላይ ወደቀች። አባቴ እጆቹን ከጭኑ ሥር አውጥቶ አያቸው፤ ደንዝዘው ነበር።

“ወጣች” አለኝ፤ እኔ ያላየሁ ይመስል።

ክንፏ ሲያድግ ነገሩ ተፈታ። መሬቱን እየተጸየፈች መራመድ ጀመረች። አባቴ የሰበሰበውን ቅርፊት ከመሳቢያ አወጣ፣ ያቺኑ እርሳስ አወረደ፣ ክፍት በተወው ቦታ ላይ “ወይዘሮዋ” ብሎ ጻፈ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ። ሰው አሮጌ ፍሪጁን የሚያመጣለት እንዲጠገንለት መሆኑ ቀረ፤ ማስፈልፈያ አድርግልኝ ነው። በር አትክፈቱ ለሚለው ስብከቱ አዲስ ምእመን አገኘለት። “ጋሽ ጫጩት” ሊሉት የሞከሩ ነበሩ፣ አልያዘም፤ ጋሽ በረዶ እንደተባለ ቀረ። ከጓሯችን ዶሮ ጠፍቶ አያውቅም። እንቁላሎቹ ላይ ቀን የሚጽፈው እሱ ነበር፤ የየትኛዋ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳት ነበር፣ እኔም አላርመውም።

ሰኞ ማታ ተኝቶ እንደተኛ ቀረ። ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ እንደገና በሰው ጢም አለ። ልብስ ሰፊዋ አርጅተዋል፤ በምርኩዝ እየተደገፉ መጡና ማንም ሳይጠይቃቸው ማእድ ቤቱን ያዙ። ረፋድ ላይ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። እኔ የአባቴን ጫማ ይዤ ነበር፤ ውስጡ ላይ የእናቴ ጽሑፍ የደበዘዘበትን።

“ልጄ” አሉኝ፣ “ዶሮዎቹንስ?”

ያኔ የሆነውን ያስታውሱ አያስታውሱ አላውቅም። ጫማውን አልጋው ሥር አስቀመጥኩና ቀና ብዬ አየኋቸው።

“ምስር ይቀቀል፣ እትዬ። ዶሮዎቹን ማንም አይንካብኝ።”

እሺ ብለው ሄዱ። በጓሮ በር ወጣሁ። እፍኝ እህል በተንኩላቸው፣ ጎጆው ውስጥ እጄን ሰደድኩ፤ አንዲት ነበረች፣ ገና ሙቀቷ አልወጣላትም። ይዣት ገባሁና የማእድ ቤቱ በር ላይ ሴቶቹ መካከል ቆሜ እርሳሷን ከምስማሩ አወረድኩ። “ማክሰኞ” ብዬ ጻፍኩባት፤ ከሥሩም የዶሮዋን ስም።